ቅርንጫፍን ያለ አፈር ሥር ማስያዝ፦ በቀይ አሽና በሩዝ ገለፈት

ችግኝ ሊገዙ ወደ እኔ የሚመጡ የባሕር ዳር ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት ቅሬታ አለ። «እታለም፣ ቅርንጫፉን ከጎረቤት ለምኜ ተከልሁት፤ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣሁት፤ ሳምንት ሳይሞላው ከሥሩ ጠቆረ» ይሉኛል። በምን ውስጥ እንደተከሉት ስጠይቃቸው መልሱ የጓሮ አፈር ነው፤ የብዙዎቻችን ጓሮ ደግሞ ዋልካ ነው። ዋልካን አልጠላም፤ ጤፉንም ሽምብራውንም ጓያውንም የሚሰጠን እርሱ ነው። ሥር የሌለውን ቅርንጫፍ ግን ያፍናል፤ ውሃ በጨመራችሁለት ቁጥርም ይበልጥ ያፍነዋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከእናቱ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ከላይና ከታች የተለያየ ፍላጎት አለው። ከላይ ቅጠሉ ውሃ እያተነነ ነው፤ የሚተነውን የሚተካለት ሥር ግን ገና የለውም። ከታች፣ ቁስሉ አጠገብ ያሉት ሕዋሳት እየተከፋፈሉ ሥር መሥራት አለባቸው፤ ለዚያም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በቅንጣቶቹ መካከል የነበረው ቀዳዳ ይደፈናል፣ አየር ይጠፋል። እርጥበት በዝቶ አየር የጠፋበት ቦታ የሚስማማው ለሚያበሰብሱ ተሕዋስያን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚነሣው ከአንድ ሐሳብ ነው፦ ቅጠሉ በእርጥብ አየር ውስጥ ይቆይ፤ ቁስሉ ደግሞ አየር በሚያገኝ ነገር ውስጥ ይቀመጥ። ሁለቱን ያሟላ ሰው ሥር ያወጣል። አንዱን ብቻ ያሟላ ሰው ቅርንጫፉን ወይ አድርቆ ወይ አበስብሶ ያጣዋል።

ማብቀያውን ማዘጋጀት

በዚህ ጉዳይ ጎጃም የታደለ ነው። ከእንጅባራ እስከ ጣና ዳርቻ ባለው ምድር የጥንት እሳተ ገሞራ አሻራ በየቦታው ይታያል፤ የዘንገና ሐይቅ ራሱ የተኛው በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ቀይ አሽ የምንለው ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይም የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው። መንገድ የሚሠሩና ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች በመኪና ያስጭኑታል፤ አንድ ጆንያ ብትጠይቋቸው አይከለክሏችሁም። በአገራችን ጽጌረዳ ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ እርሻዎችም ቀይ አሽን ለማብቀያነት ይጠቀሙበታል። ቅንጣቱ በውስጡ ባሉት ቀዳዳዎች ውሃ ይይዛል፤ በቅንጣትና በቅንጣት መካከል ደግሞ አየር ይተዋል። አይበሰብስም፣ የአረም ዘር የለበትም፣ ዓመታት ያገለግላል።

እንደመጣ ግን አይሆንም፤ መነፋት አለበት። የምንፈልገው ቅንጣት ከዳጉሳ ፍሬ የሚተልቅ፣ ከሽምብራ የማይበልጥ ነው። በመጀመሪያ በሽቦ ወንፊት ነፍታችሁ ትልልቁን አውጡ፤ ለአበባ መደብ መሸፈኛ ይሆናችኋል። ያለፈውን እንደገና በደቃቅ ወንፊት ንፉና ወንፊቱ ላይ የቀረውን ውሰዱ። ከዚያ በባልዲ ውስጥ እያማሰላችሁ እጠቡት፤ የምትደፉት ውሃ እስኪጠራ ድረስ አትተዉት። ይህን ሥራ ሰው ይሰለቸዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምጠነቀቅለት እርሱ ነው። አቧራው ካልወጣ ከሥር ዘቅጦ ከዋልካው የማይሻል ጭቃ ይሠራል፤ ያን ጊዜ ቀይ አሽ ፍለጋ መልፋታችሁ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ቀይ አሽ ብቻውን ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ እርጥበት የሚያቆይለት ጓደኛ ያስፈልገዋል። ለእኔ የሚመቸኝ የሩዝ ገለፈት ነው። የፎገራ ሜዳ ሩዝ በወረታ ወፍጮዎች ሲፈተግ ገለፈቱ ተራራ ያህል ይከመራል፤ ወደዚያ የሚመላለስ ሹፌር ወይም ነጋዴ ካወቃችሁ አንድ ጆንያ ማስመጣት ቀላል ነው። ጥሬውን ግን አትጠቀሙ፤ ያልተፈተገ ፍሬ ስለሚኖርበት ይበቅላል፣ ይሻግታልም። አሮጌ ብረት ድስት ውስጥ በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ፣ ከቤት ውጭ፣ በእንጨት እሳት ላይ እያማሰላችሁ ቁሉት። ጭሱ ከባድ ነውና ሕፃናት አይጠጉ። ገለፈቱ ቅርጹን ሳያጣ ጥቁር ሲሆን ውሃ ረጭታችሁ አጥፉት። ነጭ አመድ ከሆነ አልፎበታል፤ አመድ ለስስ ሥር አይስማማም። ጥቁሩንም ቢሆን ውሃ እያፈራረቃችሁ አለቅልቁት።

መጠኑ ሁለት እጅ ቀይ አሽ፣ አንድ እጅ የተቆላ ገለፈት ነው። ገለፈት ያላገኘ ሰው ኮኮፒት፣ ማለትም የኮኮነት ልጥ ብናኝ፣ መጠቀም ይችላል፤ እርሱም ጨው ሊኖርበት ስለሚችል በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፎ መጭመቅ፣ ከዚያም መድገም ያስፈልጋል። በአዊ በኩል ያላችሁ ደግሞ ዲከረንስ ከሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ የሚወጣ ከሰል ብናኝ አታጡም። አቧራውን ነፍታችሁ አውጡና ቀሪውን አጥባችሁ ከአራት እጅ አንድ እጅ ብትቀላቅሉ ጥሩ ነው። ከወንዝ የሚወጣ አሸዋም ሻካራና የታጠበ ከሆነ ይሠራል፤ ደቃቁ ግን ይጠቀጠቃል። የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ በአዲስነቱ አታስገቡ። በውስጡ ያሉት ቅመሞች የሥርን እድገት ይጎዳሉ።

ድብልቁን ካረጠባችሁ በኋላ አንድ እፍኝ ወስዳችሁ ጨምቁ። አንድ ሁለት ጠብታ ወጥቶ፣ እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ልክ ነው። ውሃ ከወረደ በዝቶበታል፤ እንደ ሊጥ ከተያያዘ አቧራው አልወጣም። በመጨረሻም የፈላ ውሃ አፍስሱበትና እስኪቀዘቅዝ ተዉት። ምላጩንና መቀሱን፣ ዕቃውንም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡ፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ።

ዕቃው

ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን በጎኑ አስተኝታችሁ የላይኛውን ጎን ቁረጡለት፤ ጥሩ ሳጥን ይሆናል። ከሥሩ በጋለ ምስማር ብዙ ቀዳዳ ብሱ። ስለ ጥልቀት ግን አጥብቄ የምናገረው አለኝ። በማንኛውም ዕቃ ውስጥ ውሃ ፈስሶ ካለቀ በኋላ እንኳ ታችኛው ጥቂት ሳንቲሜትር በውሃ እንደተሞላ ይቀራል። ዕቃው ጥልቀት ከሌለው የቅርንጫፉ ጫፍ የሚያርፈው ከዚያ ረግረግ ውስጥ ነው። ስለዚህ ማብቀያው ከ10 ሳንቲሜትር ያላነሰ ጥልቀት ይኑረው፤ የቅርንጫፉም ጫፍ ከወለሉ ቢያንስ 4 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቁም።

ከዕቃው ሥር ጠጠር መደርደር የቆየ ልማድ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል ተብሎ ይታመናል። በእውነቱ ግን ረግረጉ ከጠጠሩ በላይ ይሠራል፤ ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ ይጠጋል እንጂ አይርቅም። ጠጠሩን ተዉት። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ማብቀያ ይግባ።

መቁረጥ

ቅርንጫፍ የሚቆረጠው በማለዳ ነው፤ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ግንዱ ሌሊቱን ውሃ ጠጥቶ ሳለ። እናት ተክሉን ከዋዜማው አጠጡት። አበባ የያዘ ቅርንጫፍ አትምረጡ፤ ያለውን ምግብ ለአበባው ያውላል። በጣም ለምለሙ ይጠወልጋል፣ ያረጀው ደግሞ ሥር ለማውጣት ይዘገያል። ሲታጠፍ ጥቂት ተለምጦ ቀጭ የሚለው መካከለኛው ነው የሚፈለገው።

ርዝመቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ይሁን፤ ቢያንስ አራት አንጓ (ቅጠል የሚወጣበት ቦታ) ይኑረው። ከታች በኩል ልክ ከአንጓው ሥር በአዲስ ምላጭ ቁረጡ። ብዙ ተክሎች ሥር በቀላሉ የሚያወጡት በአንጓው አካባቢ ነው። መቀስ ግንዱን ስለሚጨፈልቀው ለመጨረሻው ቆረጣ ምላጭ ይሻላል። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አንሡ። የላይኛው ቅጠል ሰፊ ከሆነ በየግማሹ ቁረጡት፤ ሁሉንም ግን አትመልጡት፤ ሥር የሚሠራበትን ምግብና ተፈጥሯዊ ሆርሞን የሚልከው ቅጠሉ ነውና። የላይኛውን ጫፍ ሰያፍ፣ የታችኛውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ያን ጊዜ የትኛው ጫፍ ላይ እንደሆነ አይጠፋችሁም። ተገልብጦ የተተከለ ቅርንጫፍ በአብዛኛው አይጸድቅም።

ከሩቅ የምታመጡት ከሆነ፣ ለምሳሌ ከደብረ ማርቆስ ከዘመድ ጓሮ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በፌስታል ውስጥ አድርጉና ከፀሐይ ሰውሩት። ከቆቃ አካባቢ ሥር ያላወጣ የጄራኒየም ቁራጭ በአውሮፕላን አውሮፓ ይደርሳል፤ በቅዝቃዜና በእርጥበት ከተያዘ መንገድ አይገድለውም።

እንጨትነት ላለው እንደ ጽጌረዳና ቡገንቪላ ላለው ተክል ከታችኛው ጫፍ በአንድ ጎን 2 ሳንቲሜትር ያህል ልጡን በስሱ ላጡለት። ሥር ማስወጫ ሆርሞን ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ኢንዶል ቡቲሪክ አሲድ ይባላል፤ መጠኑ ለለምለም ቅርንጫፍ 0.1 በመቶ፣ ለመካከለኛው 0.3 በመቶ፣ ለእንጨታሙ 0.8 በመቶ ነው። ጫፉን ብቻ ነክራችሁ ትርፉን አራግፉ፤ መብዛቱ ይጎዳል። ማር መቀባትን የሚመክሩ አሉ። የጎጃም ማር ክብሩ የታወቀ ነው፤ ሥር የሚያስወጣ ሆርሞን ግን የለውም፤ በማብቀያው ውስጥ ጉንዳን ይጠራል። ማሩን ለቤተሰቡ አስቀምጡ።

የትኛው ተክል ምን ይፈልጋል

የጥብስ ቅጠል ለጀማሪ እመርጣለሁ። ከጫፉ 10 ሳንቲሜትር ያህል ቁረጡና የታችኛውን ሁለት ሦስተኛ ቅጠል ወደ ታች እየጎተታችሁ አራግፉ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ሥር ይይዛል። ከሌሎቹ ያነሰ እርጥበት ይወዳል፤ ክዳኑ በየዕለቱ ይከፈትለት።

ጤና አዳምም በቁራጭ ይጸድቃል። በቡና ላይ የምናደርገው ተክል ስለሆነ ሰው ሳይጠነቀቅ ይነካዋል፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ካገኘው ግን እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ውሃ ያቋጥራል። በጥላ ሥር ቁረጡና እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ጄራኒየም ከሁሉም ይለያል። ግንዱ ውሃ የሞላበት ስለሆነ ከተቆረጠ በኋላ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ሰዓታት በጥላ ይቆይ። በፕላስቲክ አትሸፍኑት፤ ይበሰብሳል። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣል፤ ሰው በራሱ ላይ እምነት የሚያሳድርበት ተክል ነው።

ጽጌረዳ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት፣ ቡገንቪላ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ቡገንቪላ ሥሩ በቀላሉ ስለሚሰበር እስኪጠነክር መነካት የለበትም። ፖይንሴቲያ ሲቆረጥ ወተት ያፈስሳል፤ ወተቱ እስኪቆም ጫፉን ውሃ ውስጥ ነክሩት።

ለስሚዛና ለግራዋ ይህን ሁሉ ድካም አላዝዝም። አባቶቻችን ሰኔ ሲገባ ቆርጠው አጥር ላይ ሲወትፉት ይጸድቅ ነበር፤ አሁንም ይጸድቃል። ጌሾንና ቡናን ከዘር ማብቀል ይቀላል። አቮካዶ የምትፈልጉ ደግሞ የተዳቀለ (ግራፍት የተደረገ) ችግኝ ግዙ፤ ቅርንጫፉ ሥር እንዲያወጣ ማስገደድ ጊዜ ማባከን ነው።

መትከልና መጠበቅ

ማብቀያውን አርጥባችሁ ውሃው እስኪወርድ ጠብቁ። በስንጥር ቀዳዳ አብጁና ቅርንጫፉን አስገቡ፤ በቀጥታ ከወጋችሁት ልጡ ይቆስላል፣ ዱቄቱም ይጠረጋል። ሁለት አንጓ ከውስጥ ይሁን። ዙሪያውን በጣት ጫን በሉና አንድ ጊዜ ውሃ ርጩ። የአንዱ ቅጠል የሌላውን እንዳይነካ አራርቁት።

ለአንድ ቅርንጫፍ ግማሹ የተቆረጠ ሃይላንድ ጥሩ ክዳን ነው። ለሳጥን ደግሞ የእንጅባራን ቀርከሃ ሰንጥቃችሁ እንደ ደጋን አጥፉና በላዩ ነጭ ፕላስቲክ አልብሱት። ፕላስቲኩ ቅጠሉን አይንካ። ቦታው ብርሃን ያለው፣ ቀጥተኛ ፀሐይ የማይደርስበት ይሁን። በፕላስቲክ ውስጥ ያለ ቅርንጫፍ ፀሐይ ካገኘው ባጭር ጊዜ ይቀቀላል። ጥቅጥቅ ካለ የማንጎ ዛፍ ሥር ማኖርም አይሆንም፤ ያለ ብርሃን ቅጠሉ ምግብ አይሠራም።

ውሃ የሚጠጣው ቅጠሉ ነው ብላችሁ አስቡ። ጠዋትና ቀትር ላይ በመርጫ ቅጠሉን አርጥቡት፤ ማብቀያውን ግን ጣታችሁን 2 ሳንቲሜትር ያህል አስገብታችሁ ሳትፈትሹ አታጠጡት። እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። በየዕለቱ ክዳኑን ለጥቂት ደቂቃ ክፈቱ፤ የወደቀ፣ ቢጫ የሆነ ወይም ግራጫ ሻጋታ ያያችሁበትን ቅጠል ወዲያው አውጡ። ዩሪያም ሆነ ሌላ ማዳበሪያ አታስገቡ። ሥር የሌለው ነገር አይበላም፤ የማዳበሪያው ጨው ቁስሉን ያቃጥለዋል እንጂ።

ሥር በደንብ የሚወጣው ማብቀያው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ሲኖረው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ናትና አብዛኛውን ዓመት ችግር የለም፤ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ግን ጥላ ይጨመር፣ ክዳኑም ይከፈት። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ሳጥኑን ማታ ማታ ወደ ማድ ቤት አስገቡት፤ ጊዜውም ከጻፍሁት እንደሚረዝም አስቡ። በክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ የሚያስቸግረው ሻጋታ ነው፤ ክዳኑን በግማሽ ክፍት አድርጉት። ሰኔ ላይ መሬት የሚገባ ችግኝ የምትፈልጉ ከየካቲት ጀምሩ። ዝናቡ ሲያቆም፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜም ድንቅ ነው፤ ተክሉ ሁሉ አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቷል።

አዲስ ቅጠል አየሁ ብላችሁ አትቸኩሉ። ዓይኑ በግንዱ ውስጥ በተከማቸ ምግብ ብቻ ሊፈነዳ ይችላል፤ ከሥሩ ግን ምንም የለም። ከሦስት ሳምንት በፊት አትነቅንቁት። ከዚያ በኋላ በስሱ ሳብ አድርጉት፤ ከታች የሚይዘው ነገር ካለ ሥር ጀምሯል። ቁስሉ ላይ ነጭ እብጠት ብቻ ካያችሁ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ መልሳችሁ ትከሉትና ውሃውን ቀንሱ። ለስላሳና ጥቁር ከሆነ፣ ከሸተተም፣ አውጥታችሁ ጣሉት፤ ጎረቤቱን ያጠፋል።

ወደ አፈር ማሻገር

ሥሩ 3 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን ይበቃዋል። ከመንቀላችሁ በፊት በአንድ ሳምንት ውስጥ ክዳኑን ቀስ በቀስ እየከፈታችሁ አለማምዱት፤ በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሰዓት፣ በመጨረሻ ሌሊቱን ጨምሮ። በማንኪያ ከሥሩ ቆፍራችሁ አንሡት፤ ከግንዱ አትጎትቱት። በሥሩ ላይ የተጣበቀውን ቀይ አሽ አታራግፉ፤ ብታራግፉት ደቃቁ ሥር አብሮ ይሄዳል።

የችግኙ ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባው ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ቀይ አሽ ነው። ዋልካ ብቻ ያለው ሰው ዋልካውን ከግማሽ አያሳልፍ፤ ቀሪውን በቀይ አሽና በብስባሽ ይሙላው። ተክሉ አንድ ሳምንት በጥላ ይቆይ። አዲስ ቅጠል ማውጣቱን ሲቀጥል ብቻ ብስባሽ የተዘፈዘፈበትን ውሃ አቅጥናችሁ ስጡት።

ማብቀያውን አትጣሉት። የሥር ቅሪቱን ለቅማችሁ እጠቡት፣ የፈላ ውሃ አፍስሱበትና ፀሐይ ላይ አስጡት። ገለፈቱ እየደቀቀ ስለሚሄድ ለሚቀጥለው ተራ ጥቂት አዲስ የተቆላ ጨምሩበት፤ ቀይ አሹ ግን ያው ነው። በበሽታ የሞተበት ሳጥን ከሆነ ገለፈቱን በሙሉ አውጥታችሁ ጣሉ፤ ቀይ አሹን ለብቻው በበርሜል ውስጥ ቀቅላችሁ መልሱት።